ያልቃምኩት ጫት

ሰኞ
አፌን አሸተተኝ። ባሌ ጌታሁን፣ የልጆቼ አባት፣ በር ላይ አስቁሞ! ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ጀጎል ውስጥ ጓደኛዬ ኑሪያ ጋ ጎራ ብዬ ነበር፤ እሷ ቤት በገባሁ ቁጥር የጫት በርጫ ላይ ተጥጄ የዋልኩ ይመስለዋል። ኑሪያ እኮ የሻይ እንጂ የጫት ሰው አይደለችም። ልቤ ዛሬም ያለ ምክንያት ጋለበ፣ ቆም አለ፣ ዘለለ። ጤና ጣቢያ ስሄድ "ጫት ቀንሺ" አሉኝ። ጌታሁን "ሐኪሙም ደረሰብሽ" አለ። ሐረር ውስጥ ልብ የሚመታው በጫት ብቻ ነው መሰለኝ።

ማክሰኞ
የንስሐ አባታችንን ይዞብኝ መጣ። "አባ፣ ቅሜ አላውቅም" አልኳቸው። "ልጄ፣ መካድ አይበጅሽም" አሉና ቀኖና ሰጡኝ፤ ጠዋት ማታ ስግደት። እምቢ ብል ጥፋተኛ ነኝ፣ እሺ ብልም አመነች ሊባል ነው። ለቤቴ ሰላም ብዬ እሺ አልኩ። ተናድጃለሁ። በጣም።

ረቡዕ
ጠዋት ሰግጄ ስነሣ ጨለመብኝ፤ እንደ ምንም ቆምኩ። ማታ ግን ግንባሬ መሬት ሲነካ ልቤ ተተረማመሰ። ከዚያ ወዲያ አላስታውስም። ስነቃ ባጃጅ ውስጥ ነኝ፤ ጌታሁን እጄን ይዞ ያለቅሳል።

ዓርብ
ሆስፒታል። በልብ አልትራሳውንድ ታየሁ። ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።
"ልብሽ ውስጥ እጢ አለ። እንዲህ ያለው ብዙም አያጋጥመንም። ምቱን የሚያዛባው እሱ ነው።"
አዲስ አበባ ሄጄ፣ ደረቴ ተከፍቶ ይወጣል። ክፉ ይሁን አይሁን የሚታወቀው ከወጣ በኋላ ነው።
"ከጫት ነው?" አላት ጌታሁን።
"አይደለም።"
"ተመስገን!"
ተመስገን አለ! እኔ እጢ ተሸክሜ፣ እሱ የቃሚ ባል ከመባል ስሙ ተረፈለት።

ኑሪያ ምሳ ይዛ መጣች። "ያ አላህ!" ብላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "አቦ፣ አንቺ ብቻ ዳኚ፣ ሌላውን ተዪው።" ያን ጊዜ አለቀስኩ። መሞት ፈርቻለሁ። ልጆቼ ገና ናቸው።

እሑድ
መድኃኒት ተሰጥቶኝ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ፤ ነገ ወደ አዲስ አበባ መሄዴ ነው። አባ መጥተው ጸሎት አደረሱልኝ። "ታመሻልና ቀኖናሽን አንሥቼልሻለሁ" አሉ። ስለታመምኩ! ስላልቃምኩ አይደለም። አንድ ቃል ይናገር እንደሆነ ብዬ ጌታሁንን አየሁት። ምንጣፉን ያያል።

አባ እንደወጡ "ነገ ይዛኝ የምትሄደው ኑሪያ ናት" አልኩት።
"እኔስ?"
"አንተ እዚህ ሆነህ ስገድልኝ።"

ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቅ ወጥቶ ሮጠ። በመስኮት ሰማሁት። "አባ! ይቁሙልኝ! ሚስቴ ጫት ቅማ አታውቅም። እኔ ነኝ ያሳሳትኩዎ!" ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ተመልሶ አጠገቤ ተቀምጧል። እኔን ግን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቀኝም። ነገ ከኑሪያ ጋር እሄዳለሁ።