ማሽን የሆንኩበት የሁዳዴ ሳምንት

ሰኞ

ዛሬ ማሽን ሆኜ ዋልኩ። ያውም ሥራ ፈት ማሽን።

ባሌ ዳዊት ዌስትላንድስ ሰፈር ያለውን የኮምፒውተር ሥራውን ለቆ፣ በሞባይል መልእክት የጾም ምሳ የሚታዘዝበት ፕሮግራም ሊሠራ ቆርጧል። ሰው «1» ብሎ ሲልክ ሽሮ፣ «2» ሲል ምስር፤ መልሱን ኮምፒውተሩ ይሰጣል። ዓርብ ለአለቃው ሊነግር ነው። የሥራ ፈቃዱ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው፤ ሥራው ከሄደ ናይሮቢም ሄደች። እንቅልፍ አጣሁ። «እስከ ዓርብ ኮምፒውተሩ እኔ ልሁን» አልኩት። «መልእክቱ በኔ ስልክ ይግባ፣ እኔ ልመልስ፣ አብስዬ ላድርስ። ሰው ካዘዘ ያኔ ጻፈው።» እሺ አለ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፦ «ማሽን እንደምን ዋላችሁ አይልም።»

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ቁጥሩን አድለን ነበር። ያልመረቀን የለም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ግርማ እንዲያውም «የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ!» ብለውናል።

ስልኩ ጭጭ።

ማክሰኞ

አንድ ጊዜ ጮኸ። ሮጥኩ። እናቴ ናት።

የሠራሁትን ሽሮ እኛው በላነው። ዳዊት «ሁሉም እሺ ብሏል እኮ» ይላል። የኔ ጌታ! የኛ ሰው መቼ ፊት ለፊት እምቢ ብሎ ያውቃል? ይሉኝታ ነው እሺ ያሰኘው። አሳዘነኝና ይህን ሳልነግረው ሽሮ ጨመርኩለት።

ረቡዕ

ሚስድ ኮል! መልእክት እንኳ አይደለም፤ አንዴ ጮኾ ዝም። ደውሉልኝ ማለት ነው። ማሽን አይደውልም፤ እኔ ግን ደወልኩ። እንደምን ዋልሽም አልኩ፣ ዳዊት ይቅር ይበለኝ።

ሰላማዊት ትባላለች፤ ዌስትላንድስ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም ሽሮዋን በማታቱ ታክሲ ይዤላት የደረስኩት ያኔ ነው። ሌሎቹ በሰባት ሰዓት በልተው ተነሥተዋል፤ መመገቢያው ክፍል ባዶ ነው። ሁለት ሦስቴ ጎረሰችና ገፋ አደረገችው።

«ጨው በዛ?»

«ኧረ ሮሚ፣ ግሩም ነው! ብቻዬን ስበላ አልወርድ አለኝ እንጂ። ፖሌ፣ ይቅርታ።»

አብሬያት ቁጭ አልኩ። ሳህኑ ጸዳ።

ሐሙስ

ሰው ያልወደደው ብቻውን መብላቱን ነው፣ በአንድ ትሪ እናቅርብ ብዬ ለዳዊት ነገርኩት። «በአንዲት ሴት ቃል!» ብሎ ተቆጣ። አንተስ በሁዳዴ ቢሮ ምን ትበላለህ አልኩት። ምንም። እቤት መጥቶ ከኔ ጋር እስኪበላ ነው የሚጠብቀው። ይህን ሲናገር ራሱን ሰማውና ሳቀ። ኩርፊያው ግን አልለቀቀውም፤ የዓርቡን ነገርም አላነሣም። ፈራሁ።

ለሰላማዊት ደወልኩ። ከሕንፃቸው ጀርባ ባዶ በረንዳ አለ። «ዘበኛውን አናግሬዋለሁ፣ ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም» አለች። ለጓደኞቿ ትነግራለች፤ እኔ ለአቶ ግርማ ነገርኩ።

ዓርብ

አንድ ትልቅ ትሪ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ አንድ ላይ። 1 የለ፣ 2 የለ።

ሰላማዊት ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። አቶ ግርማም ከች! «ልጄ፣ ያን ቁጥር መላኩን አላውቅበትም። ማዕድ ሲሆን ግን መች እቀራለሁ» አሉ። እሑድ ምነው አልነገሩን አይባል።

ዳዊት ዘግይቶ ደረሰ። ፊቱ ተለዋውጧል። ለአለቃው ነገረው ማለት ነው ብዬ ክው አልኩ። አቶ ግርማ ጎትተው አስቀመጡትና አጎረሱት፤ «አንድማ ያጣላል» ብለው ደገሙት። አፉ ሞልቶ እንዴት ልጠይቀው? ሁሉም በልቶ፣ ከፍሎ፣ «ሰኞም አለ አይደል?» እያለ ሄደ።

ስንመለስ ማታቱ ውስጥ ትሪውን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«አልነገርኩትም» አለ።

እጁን ያዝኩት። እንባዬ መጣ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ማን ይመጣል? እንጃ። እሱንም በትሪ እንሞክረዋለን። ሰፈራችን ሁርሊንግሃም ስንወርድ ዳዊት ትሪውን ገልበጥ አድርጎ አየና «ሰኞ ይሄ ይበቃል?» አለኝ።