ሁለቱ ክራሮችና የእኔ ጆሮ

ኅዳር 8፣ ሰኞ ጠዋት
ቁርስ ተበላ። ሚስቴ አስካለ መነጽሯን አደረገች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። በልደታ እኔ ክራር ያልመታሁበት ሰርግ ካለ፣ ሰርግ አይደለም።

ትናንት ልጃችን ሰላም ሁለት ክራር ይዛ መጣች። ለማስተርሷ የምታጠናው የሕንድ የድሮ ሊቃውንት ስለ ዜማ የጻፉትን ነው። በሳንስክሪት፤ ለእነሱ እንደኛ ግዕዝ ነው አሉ። እንዲህ ይላሉ፦ ሁለት መሣሪያ እኩል ቃኝ። አንዱን አትንካ። የሌላውን ክር በጣም ጥቂት አላላ። ልዩነቱን ጆሮ ይሰማዋል፤ ፈራጁም እሱ ነው።

እኔን ዳኛ አደረገችኝ። አላላች፣ መታች፣ ጠየቀች። አንድ ናቸው አልኩ። ደገመች። አንድ ናቸው። ግራ ገባት። እኔን አምና፣ ሊቃውንቱ ተሳስተዋል ብላ ልትጽፍ ሄደች። ሐሙስ ፈታኞቿ ፊት ትቆማለች።

ስማኝ ደብተር። አንድ ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ከመስከረም ወዲህ ጆሮዬ ድፍን ነው።

አስካለ መጻፍ አቆመች። ጻፊ አልኳት።

ማክሰኞ ማታ፣ 1 ሰዓት
አስካለ ቀኑን ሙሉ አኮረፈች። ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ አለች። ቀላል መሰላት። ያለ ጆሮ እኔ ምንድን ነኝ? ፈራሁ። እሱንም ጻፊው፣ ፈራሁ።

ለሰላም ደወልኩላት። አልሰማሁም ነበር፣ ዋሸሁሽ አልኳት። ከዚያ ሳቋ መጣ።

«አባዬ፣ ከዚያ ሁሉ ሊቅ ጋር ልታጣላኝ ነበር እኮ።»

ነገ ክሊኒክ። ለባብሰህ ጠብቀኝ አለች።

ረቡዕ፣ ከሰዓት
ኩክ ነው። ጻፊ፣ ኩክ!

ሐኪሟ ሞቅ ያለ ውሃ ረጭታ አወጣችው። አባባ፣ ምን ሊዘሩበት ነው አለችኝ። መስማት አበቃልኝ ብዬ እኮ ነበር። ስንወጣ ወያላው ጆሮዬ ሥር ሜክሲኮ ብሎ ጮኸ። ላቅፈው ምንም አልቀረኝ።

ቤት ገባን። ሰላም ክሩን ለአመል ያህል አላላች። ገና ሲመታ፣ ተጣሉ አልኩ። ሌላ ክር አላላች። ያዝኩባት። ሊቃውንቱ ልክ ናቸው። ተሳስተዋል ብላ የጻፈችውን ልታርም ተቀመጠች። ተመስገን። ትከሻዬ ቀለለኝ።

አሁን ሰላም ጠየቀችኝ፦ የመጀመሪያው ዳኛ ጆሮው ድፍን ነበር ብዬ ልጻፍ ወይስ ልተወው? ከጻፍኩም ስምህን አልጠራም።

አሰብኩበት። ወሰንኩ። ትጻፈው፤ ከነአባቴ ስም ትጻፈው። ሌላ ክራር መቺ እንዳይመስላቸው።