«ጌት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ትርጉም ስለጻፍሁበትና በካዝና ስለተቆለፈው ወረቀቴ

ለክቡር አቶ ዳኛቸው
የመሥሪያ ቤታችን የደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደብረ ታቦር

የዘንድሮው ክረምት ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካው፣ የሚፈርሙበት እጅዎም እንደ ወትሮው ሳይንቀጠቀጥ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ እየተመኘሁ፣ ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት የቢሮዎን ወለል ስጠርግ የኖርሁት እኔ አሰለፈች ጥላዬ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ። ደብዳቤውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ከድፍረት አይቆጠርብኝ፤ ሦስቱ ማመልከቻዎቼ ጠረጴዛዎ ላይ ናቸው፣ በየጠዋቱም አቧራቸውን አራግፌ ወደ ቦታቸው እመልሳቸዋለሁ።

ለንባብ ክፍሉ ሠራተኛነት ተወዳድሬ በእንግሊዝኛው ፈተና ወድቀሻል ስለተባልሁ ቅሬታዬ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ «ጌት» የሚለውን ግስ ትርጉም እንድንጽፍ ታዘዝን። እኔም ከመድኃኒት ካርቶንና ከሱቅ መጠቅለያ እየለቀምሁ የተማርሁትን ጻፍሁ፦ ማግኘት፣ መድረስ፣ መሆን፣ መረዳት፤ ሌላ ትንሽ ቃል ሲከተለው ደግሞ መነሣት፣ መውረድ፣ ማምለጥ። እርስዎ ግን መልሱ «ማግኘት» ብቻ እንደሆነና ሌላው ትርፍ እንደሆነ አስረዱኝ። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ ዋንዛዬ ፍል ውኃ የምትሄድ ጎረቤቴን «ጌት ዌል»፣ ይሻልሽ ብዬ በእንግሊዝኛ ብመርቃት፣ ጤናዋን መንገድ ላይ ወድቆ ታገኘዋለች ማለት ነው። ጋሳይ ከተማ ላይ «ጌት ኦፍ» ብሎ ከአውቶቡስ የሚወርደውም መንገደኛ አይወርድም፤ አውቶቡሱን ያገኘዋል እንጂ።

ሁለተኛ፣ ከማን እንደገለበጥሁ ተጠየቅሁ። በዙሪያዬ የተቀመጡት ሁሉ አንድ አንድ ትርጉም ብቻ ጽፈው ሳለ፣ የቀሩትን ስድስቱን ከማን እንደወሰድሁ እኔም እስካሁን እያሰብሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ወረቀቴን እንዲያሳዩኝ ብለምንዎ በካዝና እንደተቆለፈና በሕግ እንደማይወጣ ነገሩኝ። ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ። የይግባኙ ቀን ግን ዓርብ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። አንዱን ኮሪደር ሁለት ጊዜ እጠርጋለሁ፤ ቤቴም ድስት ጥጄ እወጣና ለምን እንደወጣሁ ጠፍቶኝ እመለሳለሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በዕድሜዬ ዳግመኛ የሚለጠፍ አይመስለኝም። መጻሕፍቱን ከላይ ከመወልወል አልፌ ገልጬ ላያቸው ነበር፤ ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሰፊው ዕውቀትዎና ስለ ጠንካራው ካዝናዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ። ለመጎንበስ መቼም የሥራ ልምድ አለኝ።

ሁልጊዜም በጠረግሁት ወለል ላይ የማከብርዎ፣
አሰለፈች ጥላዬ
የጽዳት ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው ከባለሱቋ ከፋሲካ የተፈጨ እርድ ገዛሁ። የተጠቀለለልኝ በራሴ የፈተና ወረቀት ነው፤ ፋሲካ መጠቅለያ የምትወስደው ከመሥሪያ ቤታችን እንደሆነ ነገረችኝ። እርዱን ጣሳ ውስጥ ገልብጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት። በሰባቱም ትርጉሞች ላይ አራሚው በቀይ እስክሪብቶ ትክክል ብሏል። ከግርጌው በእርስዎ እጅ ጽሑፍ «እሷ ከሄደች ማን ይጠርጋል?» የሚል አለ። ዓርብ ከይግባኙ ጋር አያይዤ አቀርበዋለሁ፤ እርድ እርድ ስለሚሸት ይቅርታዎን። ለጥያቄዎም መልሱን እነሆ፦ መጥረጊያው ከበሩ ጀርባ ነው።