የማንኪራዋ እናት ደም

ሩሀማ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ልወስደው የመጣሁት የደም ናሙና ቦንጋ ስደርስ ቀልጦ ጠበቀኝ። የኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ዛፍ ወድቆ ናሙናው የተቀመጠበት ክሊኒክ ሦስት ቀን መብራት አልነበረውም። በዩኒቨርሲቲያችን የጋራ ላብራቶሪ አንዱ ፍሪዘር ሲበላሽ ወደ ሌላው እናዛውራለን፤ እዚህ ያለው ግን አንድ ብቻ ነው።

ዛሬ ማንኪራ ወደሚባለው መንደር ሄጄ ለእትዬ ዙፋን ነገርኳቸው። ምን እንደገደላት እንድንመረምር የተቀዳው የሟች ልጃቸው ደም እዚያ ፍሪዘር ውስጥ ነበር። ክንዳቸውን ዘርግተው "ከእኔ ቅዳ፣ ልጄ" አሉኝ።

"የእርስዎ ደም የእሷን ሕመም አይናገርም" አልኳቸው።

"እንግዲያው ከታናሿ ቅዳ። ትናንት ትኩሳቱ ጀምሯታል።"

ይህ ካርድ ከልጅቷ ናሙና ጋር በሾፌሩ እጅ ይደርስሻል። የላብራቶሪያችንን የደም መመርመሪያ ማሽን ኃላፊ ጋሽ ነቢዩን ሰላም በይልኝና ወረፋ ሳይጠብቁ እንዲያስገቡት ለምኚልኝ። እኔ ከልጅቷ ጋር ሆስፒታል ነኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ።

ሰብሃት