መጀመሪያ የሚገዛው የድምፁ ኮምፒውተር ነው

ይድረስ ለእታለም፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ከእኔ ቁጣ በቀር ደህና ነን።

አባዬ የኮሜዲ አዳራሹን የኮምፒውተር ዕቅድ እኔ ላይ ጣለው፤ ትምህርት ያቋረጥኩት እኔ ላይ! ትኬቱ እንደ ድሮው በእጅ ይቆረጥ፣ መጀመሪያ ለድምፁ ይገዛ አልኩ፤ ድምፅ ሲበዛ ስክሪኑ ቀይ የሚያበራ። «ሠላሳ ዓመት በጆሮዬ የሠራሁትን!» ብሎ ሳቀብኝ። ቅዳሜ ድምፁን ሲለቀው ፊት የተቀመጡት ሰዎች ጆሯቸውን ይዘው ወጡ፤ እሱ «ሳቅ ገደላቸው!» ይላል።

ጎረቤት ደግሞ «ይሄ ልጅ ቀኑን ሙሉ አባቱ ላይ ይጮሃል» እያለ ያማኛል። ምሳ ቀረበ እያልኩት እኮ ነው!

አባዬ ስልክሽን የማያነሳው ተቀይሞሽ አይደለም። ይልቅ ጻፊለት። ያለፈውን ደብዳቤሽን ሦስቴ አንብቦ «ድምጿ ይሰማኛል» አለኝ።

ከዚሁ ሆኖ ጮክ ብሎ ሰላም የሚልሽ፣
ቁጡው ወንድምሽ