አሮጌው አረፋ በልጆች ላይ እንዳይጨረስ

ለእሳት አደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኅዳር 3

ጉዳዩ፦ የመጋዘኑን ቁልፍ የከለከልኩበትን ምክንያት ስለማሳወቅና ሃያ ሦስቱ ጀሪካን አሮጌ የእሳት ማጥፊያ አረፋ ሳይረጭ እንዲወገድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

እኔ አመልካች በመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገልኩ፣ እሳት አጥፊዎቹ «እማማ ቁልፍ» የሚሉኝ ሴት ነኝ። የሥልጠና ኃላፊው «ትእዛዝ አልቀበልም አለች» ብለው እንደከሰሱኝ ትናንት ሰማሁ። እውነታቸውን ነው፤ ብያለሁ። ለምን እንዳልኩ ግን ከእኔም አፍ ይስሙልኝ።

1. አሮጌው አረፋ የነዳጅ እሳት በማጥፋት አቻ አልነበረውም፤ ይህን አልክድም። ችግሩ እሳቱ ጠፍቶ እሱ አለመጥፋቱ ነው። ውስጡ ያለው ኬሚካል አፈር ቢገባ አይበሰብስም፤ ሰው ደም ውስጥ ቢገባ ለዓመታት ተደላድሎ ይቀመጣል። «እሳት ካየው ምን ለየው» የሚባለው ለእሱ አይሠራም፤ እሳትም አይቶት ያው ራሱ ነው። ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። ባለፈው ዓመት ከክቡርነትዎ ቢሮ የወጣው ደብዳቤ ላይ ያለ ነው።

2. በዚያው ደብዳቤ መሠረት ያለዚህ ኬሚካል የተሠራ አዲስ አረፋ ተገዛ፤ እግዜር ይስጥልን። ለሙከራ ከወጣች አንዲት ጀሪካን በቀር ግን እስካሁን ስምንት ወር ሙሉ መጋዘኔ ውስጥ አቧራ ይጠጣል። የንብረት ክፍሉ ሹም «አሮጌው ሳያልቅ አዲሱ አይወጣም» ብለዋላ! ይህ ደንብ ለወረቀትና ለመጥረጊያ የወጣ ነው፤ እሳቸው ለመርዝም ሠሩበት። እሳት ደግሞ በቀጠሮ አይነሳም። ስለዚህ አሮጌው ቶሎ እንዲያልቅ ተብሎ የረቡዕ ልምምድ ተፈጠረ። እሳት በሌለበት ሜዳ ላይ በየሳምንቱ እንረጫለን፤ የሜዳው ቦይ ደግሞ ወርዶ ወርዶ ከግቢያችን በታች ያለው የሰፈሩ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ያበቃል። እንዳይፈስ ደብዳቤ ከተጻፈ ወዲህ የፈሰሰው፣ ከዚያ በፊት በአምስት ዓመት ከፈሰሰው ይበልጣል። ጉድ ነው መቼም! እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ በየረቡዑ ፈርሜ አውጥቻለሁ።

3. የፈረቃ አለቃው አዲሱን አረፋ «የሻምፖ ታናሽ ወንድም» እያሉ ያፌዙበት ነበር። ባለፈው ወር በገዛ እጃቸው ነዳጅ አቀጣጥለው ሞከሩት። ጠፋ። አላመኑም፤ ደግመው አቀጣጠሉ። ደግሞ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ፌዙን ትተዋል። አረጫጨቱ ትንሽ ለየት ስለሚል ሠራተኛው ሊለማመድ ይገባል፤ መቼም ረቡዕ ረቡዕ ሥራ እንደሌለን አይተናል።

4. አሁን ቁልፉ ጋ ደረስኩ። የፊታችን ቅዳሜ የጎብኚዎች ቀን ነው። የሥልጠና ኃላፊው የቀሩትን ሃያ ሦስት ጀሪካኖች «በአንድ ቀን እንገላገላቸው» ብለው፣ የጎረቤት ትምህርት ቤት ልጆች የሚንቦጫረቁበት የአረፋ ተራራ ሊሠሩ ነው። ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ «የዋና ልብስ ይዛችሁ ኑ» ይላል። ቁልፉን የከለከልኩት ይህን ያነበብኩ ዕለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብኝ ብዬ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ «አሮጌው ሳያልቅ» የሚለውን ደንብ ለዚህ ንብረት በአንድ መስመር እንዲሽሩልኝ፤ ጀሪካኖቹ ታሽገው በአግባቡ ማጥፋት ለሚችል ድርጅት እንዲሰጡ፤ የመኪኖቹ ታንከር ታጥቦ እጣቢው ቦይ ውስጥ እንዳይደፋ፤ የጉድጓዱ ውኃ እንዲመረመር፤ ከዚያም አዲሱ እንዲወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ። ልጆቹ ቅዳሜ በንጹሕ ውኃ ይራጩ። ውኃ እንደሆነ አላጣንም።

5. ከወንበርዎ ጀርባ የተሰቀለውን ትልቁን ፎቶ ጎብኚ ሁሉ ይወደዋል። እስከ አንገቷ አረፋ ውስጥ ገብታ፣ አፏን ከፍታ የምትስቀው ልጅ የእኔ ልጅ ናት። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ጀሪካኑን ከመጋዘን ያወጣሁት እኔ፣ ልብሷን አውልቄ ያስገባኋትም እኔ ነኝ። ስትወጣ አረፋውን ከከንፈሯ ላይ በመዳፌ ጠርጌ አብሬያት ሳቅሁ። ዛሬ ነፍሰ ጡር ናት። ያንን ደብዳቤ አሳየኋት፤ አንብባ ስትጨርስ «እማዬ፣ ያን ቀን ውጬ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ሐኪሟም ይጎዳል አይጎዳም ብሎ አልቆረጠላትም። እኔ «ኧረ እኔ አላስታውስም» አልኳት። ዋሸኋት፤ ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ።

ያኔ የነገረኝ አልነበረም። ቅዳሜ ግን እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሲመጡ እኔ አውቃለሁ፤ እርስዎም ያውቃሉ። ፎቶውን ያውርዱት አልልም። ይህን ማመልከቻ መርተው ከመፈረምዎ በፊት ግን አንዴ ዞር ብለው ይዩልኝ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር
የመጋዘን ኃላፊዋ
(ፊርማ)

አባሪ፦ በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ አንድ ገጽ። ቁልፉ አልተያያዘም።