ሳይለካ የተጻፈ ውጤት

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት ከልጅነቴም አልሆነልኝ።

ነገ ሰኞ አራት ሰዓት አለቃችን ቢሮ ተጠርቻለሁ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ላብራቶሪያችን ለምርመራ የሚመጣ ውሃ ሁለቴ ይለካል፤ የተረፈው፣ ክርክር ቢነሳ ተብሎ ይቀመጣል። እኔ ግን ተሳስቼ ቢሆንስ እያልኩ አንዱን ናሙና ሰባት ጊዜ ለካሁት። ሰባቱም አንድ ዓይነት መጣ፤ ጠርሙሱ ግን ባዶ ቀረ። ጎኔ የሚሠራው ልጅ፣ "አንቺ፣ ጠምቶሽ ነው እንዴ?" ብሎ ሲስቅብኝ አብሬው ሳቅሁ። በማግስቱ ውሃውን የላከው ፋብሪካ ይደገምልኝ አለ። ምን ይደገም? አለቃችን ዓርብ በር ላይ አገኙኝና፣ "ሰኞ መዝገብሽን ይዘሽ ነይ" ብለውኝ አለፉ። ፊታቸው አልተፈታም።

ከዚያ ወዲህ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ያንቺ ደጅ ስቆም ይታየኛል። ትናንት፣ ተማሪ ሳለሁ ወደማውቃት የሥነ ልቦና አማካሪ ሮጥኩ። ሁሉን ሰምታ፣ "ውሃውን ሳትለኪ ተበክሏል ብለሽ ትጽፊያለሽ?" አለችኝ። እንዴት ተደርጎ፣ አልኳት። "ታዲያ የሰውዬውን ልብ በምን ለካሽው?" ሐሳብ ስለመጣ ብቻ እውነት አይሆንም አለችኝ፤ የፈራ ሰው ፊት አይቶ ልብ ያነበበ ይመስለዋል፣ አንዲት ስህተት ይዞም ራሱን በሙሉ ይጥላል። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠችኝ፦ የፈራሽውን ከነመጠኑ ጻፊ፤ ማስረጃውንና የተቃራኒውን ማስረጃ ከሥሩ አስፍሪ፤ ነገሩ ሳይደርስ ለምታምኚው ሰው ላኪው፤ በኋላ እንዳትሰርዢው።

ይኸውልሽ። "እባረራለሁ፤ ከመቶ ዘጠና አምስት።" ማስረጃ፦ ጠርሙሱ ባዶ ነው። የተቃራኒው ማስረጃ ቦታ ግማሽ ቀን ነጭ ሆኖ ዋለ። በመጨረሻ፣ "ሰባቱንም ልክ መዝግቤያለሁ፤ አንዱንም አልደበቅኩም" ብዬ ጻፍኩ። አሁን ሰባ ላይ ነኝ።

እታለም፣ አትቆጪኝ። የዚያችን ሙሽራ ቀሚስ በስህተት አሳጥረሽ ቆርጠሽ የስፌት መኪናሽን ከሸፈንሽው ስምንት ወር ሆነው። በስልክ "እጄ ሞቷል" ስትይኝ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ዩኒፎርሜን የሰፋው የማን እጅ ነው ልልሽ ብዬ ዋጥኩት።

ከደብዳቤው ጋር አንዱን የሥራ ጋውኔን ልኬልሻለሁ፤ ኪሱ ተተርትሯል። እዚህ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ እኔ ግን ያንቺን እጅ ለምጃለሁ። መኪናውን ከመግለጥሽ በፊት አንቺም የምትፈሪውን ከነመጠኑ በዚህ ወረቀት ጀርባ ጻፊልኝ። የኪሱ ክር ጨርቁን ሳይቀድ እንዴት እንዲህ ቀጥ ብሎ እንደወጣ ግን አትጠይቂኝ።

ጥቅሉን ነገ ሁለት ሰዓት ፖስታ ቤት አስረክቤ፣ ከዚያ ወደ አለቃችን እሄዳለሁ። ጋውኑን በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሺልኝ፤ ለሥራ እፈልገዋለሁ።

ፈጣሪ እጆችሽን ይባርክልኝ፤ ጤናሽን ያብዛልኝ።

ያሳደግሻት ታናሽሽ